ገል ሥር የተቀመጠው አባት

ደብረ ታቦር ገበያ ወጥታችሁ «የልብስ ሰፊው የኢድሪስ ቤት የት ነው?» ብትሉ፣ «የቱ? የዓሣው ኢድሪስ?» ብለው መልሰው ይጠይቋችኋል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሱሪ ሲያሳጥርና የሙሽራ ቀሚስ ሲሰፋ የኖረ ሰው፣ በስተርጅናው ስሙን ጣት ለማታክል ዓሣ አስረክቦ ቁጭ አለ። እሱ ግን ቅር አይለውም። መጀመሪያ ያወጡለት ስም እብዱ ኢድሪስ ነበርና «ይኸኛው ይሻላል፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። ስም አውጪዎቹም አይፈረድባቸውም። በዚህ ቆፈናም አገር ዓሣ ብርድ ልብስ የሚያለብስ ሰው ሌላ ምን ሊባል ኖሯል?

ነገሩ የጀመረው ዓይኑ ሲደክም ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር መለየት ሲያቅተው፣ መነጽሩም ሲለግምበት፣ የስፌት መኪናውን በአቡጀዲ ሸፍኖ ቤት ዋለ። ቤት መዋል ደግሞ ሰው ሲገባ ሲወጣ እያየ ለኖረ ልብስ ሰፊ እስራት ነው። ሚስቱ ሰዓዳ በዚሁ ቤት አንዲት ልጃቸውን ሰልማን ወልዳ በማግስቱ ሞተች፤ እሱም ሌላ አላገባም። ሰልማ አድጋ፣ ተምራ፣ ባሕር ዳር አስተማሪ ሆና እዚያው ትዳር ይዛለች። ቤቱ ውስጥ የቀረው እሱና ግድግዳው ነው። ጎረቤቱ ፈንታነሽ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ «አያ ኢድሪስ፣ ዛሬም አልወጡም?» ስትለው «ወዴት ልውጣ ብለሽ» ይላታል፤ በማግስቱም ያንኑ ትጠይቃለች፣ ያንኑ ይመልሳል።

ይኸን የሰማ የሰልማ ባል ነስሩ የጭነት መኪና ሾፌር ነውና፣ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሲመለስ ውሃ የሞላበት ፌስታል አንጠልጥሎ ከች አለ። ለአማት ሬዲዮ ይመጣል፣ ጋቢ ይመጣል፤ ነስሩ ዓሣ አመጣ። «ጎቢ ይባላሉ አባባ። የሩቅ አገር በረሃ ውስጥ ከሚፈልቅ ምንጭ የተገኘ ዘር ነው አሉኝ። ጠንካራ ናቸው፣ አያስቸግሩዎትም» አለ። ኢድሪስ ፌስታሉን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ሲያገላብጥ ቆየና «የሚበላ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነስሩ ሳቁን ዋጥ አደረገ።

እንግዳ አይጣልምና ማረፊያ አበጀላቸው። የድሮ ሱቁን የመስታወት መደርደሪያ አፍርሶ፣ መስታወት ቤት አስቆርጦ፣ በሲሊከን ማጣበቂያ አስገጥሞ ሣጥን አሠራ። ከጋፋት መንገድ ጠጠር ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ቀቅሎ ከሥር አነጠፈው። የተሰበረ የእንስራ ገል ደግሞ መደበቂያ እንዲሆናቸው ደፋላቸው። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ፤ ተቀመጠ ስላችሁ፣ እስካሁንም አልተነሣም ማለት ይቻላል።

ጎቢ እንደ ሌላው ዓሣ ሲዋኝ አይውልም። በሆዱ በኩል ባለው ክንፍ ጠጠሩ ላይ ተደግፎ ቁጭ ይላል። ዓይኖቹ አናቱ ላይ ናቸው፤ ግራና ቀኝ እያንከባለለ አላፊ አግዳሚውን ይታዘባል። ሴቷ አመድማ ናት፣ ዓይን አትገባም። ወንዱ ግን ወርቅማ ገላ አለው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ክንፍ ሲዘረጋው ጫፉ ሰማያዊ ነው፣ እንደ ጥሩ ከፈይ ያበራል። ኢድሪስ በጨርቅ አይታማምና «ይኸን ቀለም የትም ሱቅ አላየሁትም» አለ። ከሁሉ በላይ የወደደላቸው ግን ቁጭ ማለታቸውን ነው። እነሱ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ፣ ተፋጠው ይውላሉ።

ጠንካራ ናቸው የተባለው እንኳ ለደብረ ታቦር ብርድ አልሠራም። በመጀመሪያው ክረምት የቧንቧውም የዝናቡም ውሃ አልስማማ ብሏቸው ቀለማቸው ገረጣ፣ ምግብ እንቢ አሉ። ነስሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ አመጣለት፤ ዓሣ ሻጩንም ጠይቆ «ማዕድን ያለበት ውሃ ነው የሚስማማቸው፣ ከምንጭ ነው የወጡት» ብሎ ነገረው። ኢድሪስ ይኸኔ የወንዛዬ ፍል ውሃ ትዝ አለው። የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብሎ ሲኖር የጎበጠ ወገቡን ሊታጠብ ፍል ውሃው ድረስ መውረድ ልማዱ ነበር። አሁን እሱ ታጥቦ ሲጨርስ ጀሪካኑን ሞልቶ መመለስ ጀመረ። እዚያ የሚታጠቡት ሰዎች አዝነውለት «ቤት የቀረ በሽተኛ አለዎት?» ሲሉት «አዎ፣ አላህ ይማራቸው» ብሎ ዝም ይላል። ውሃውን አቀዝቅዞ ከቧንቧው ጋር ሲቀላቅልላቸው ወርቁም ሰማያዊውም ተመለሰ።

ምግባቸው ደግሞ የትንኝ እጭ ነው። ጓሮው ውስጥ ውሃ በበርሜል አጠራቅሞ ትንኝ እስኪፈላበት ይጠብቃል፤ ከዚያ በሻይ ማጥለያ እየጠለለ ያበላቸዋል። ፈንታነሽ ይኸን ስታይ አንገቷን ነቀነቀች። «ሰው ትንኝ ያጠፋል፣ አያ ኢድሪስ ያረባሉ» አለች። አለች እንጂ የራሷን የተጣለ በርሜል በአጥር አሻግራ የሰጠችው እሷው ናት።

እንዲህ እያለ ሰልማ ማርገዟ ተሰማ። የኢድሪስ ደስታ ልክ አልነበረውም፤ ደስታው ግን አንድ ቀን አድሮ ጭንቀት ሆነ። በአገሩ ወግ የበኩር ልጅ የሚወለደው በልጅቱ ወላጆች ቤት ነው። እናት ታርሳታለች፣ ገንፎ ታገነፋላታለች፣ ገላዋን ታጥባታለች። ወንድ መጋረጃውን አያልፍም፤ ደጅ ተቀምጦ የሚሉትን ይልካል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል። እናት በሌለችበት ቤትስ? እብናት የምትኖረው ታላቅ እህቱ ነጅሚያ ነገሩን ቆረጠችው። ስልክ ደውላ «ልጅቱ እኔ ዘንድ መጥታ ትወልዳለች። አንተ ወንድ ነህ፣ ምን ልታደርግላት ነው?» አለችው። ኢድሪስ «እስቲ ላስብበት እትዬ» አለ።

ማሰቡን አሰበ። ልቡ ሰልማን እዚሁ፣ ዓይኑ ሥር ይፈልጋታል። ግን ፈራ። ሰዓዳ በዚህ ቤት፣ በዚያ አልጋ ላይ እንዴት እንደሄደች እሱ ነው የሚያውቀው። ዕድሜ ልኩን ያንን አልጋ ሲያይ ኖሯል።

በዚያው ሰሞን የሴቷ ጎቢ ሆድ ክብ አለ። አንድ ማለዳ ገሉ ሥር ገብታ ስትወጣ ሆዷ ጎድሎ አየና፣ ኢድሪስ ባትሪ አብርቶ ቢያጎነብስ የገሉ ጣሪያ ላይ ዕንቁላል ተለጥፏል፤ ተርታውን የያዘ ጥልፍ ነው የሚመስለው። ደስታው ሳይበርድ ግን ወንዱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሴቷን አፉን ከፍቶ ያሳድዳት ጀመር። ገሉ አጠገብ ድርሽ አላስብላት አለ።

ኢድሪስ ደሙ ፈላ። ሚስቱን ከወለደችበት ቤት የሚያባርር ባል ይኸው ታየ። ደግሞስ አራስ ቤት ወንድ ምን ይሠራል? ሻይ ማጥለያውን አነሣና ወንዱን ቀለብ አድርጎ ብልቃጥ ውስጥ ለብቻው ከተተው። ሣጥኑን በሻሽ ጋረደው። ለአራሷ ምግብ ጨመረላት። ፈንታነሽንም በአጥሩ በኩል ጠርቶ «አራስ አለችኝ፣ ጫጫታ ቀንሱልኝ» አላት። ፈንታነሽ መጥታ አየች፤ ከሳቋ መለስ ስትል አራስ ናትና ቀስ ብላ እልል አለችላት።

አራሷ ግን ወደ ገሉ ዞራም አላየችው። እንዲያውም ከዕንቁላሉ ቀመስ ቀመስ ስታደርግ ተያዘች። የቀረው ውሎ አድሮ ነጭ ሻጋታ ለበሰ፤ ከዚያ ያ ጥልፍ የመሰለው ሁሉ ጥጥ ሆነ። ኢድሪስ ገሉን አውጥቶ ሲያጥብ ዓይኑ ወደ ሰዓዳ አልጋ ይመለስ ነበር። ለዓሣ ዕንቁላል ይኸን ያህል ማዘን አለበት እንዴ ትሉ ይሆናል። እሱ ዕንቁላል አላየም። «ይኸ ቤት አራስ አይወድም» አለ ለራሱ።

የዚያኑ ዕለት ሰልማ ደወለች። ልጅቱ አባቷን አንተ ነው የምትለው፤ አንቱ የሚባል አባት ሹሩባ አይሠራማ። «አክስቴ እብናት ነይ እያለችኝ ነው። አንተስ አባዬ፣ ምን ትላለህ?» አለችው።

«እሷ ያለችው ይሁን። የሴት ነገር ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አለ።

ሰልማ «እሽ» አለችና ዘጋችው። ያ እሽታ ከጆሮው ሳይወጣ ሰነበተ።

ነስሩ እንደገና አዲስ አበባ ሲወርድ ዓሣ ሻጩን ስለ ዕንቁላሉ ጠየቀለትና ከመንገድ ደወለ። «ኧረ አባባ፣ ወንዱን ለምን አወጡት? የሚያስፈለፍለው እኮ እሱ ነው። ሴቷ ጥላለት ትሄዳለች፤ በክንፉ እያራገበ አየር የሚሰጠው፣ የተበላሸውን እየለቀመ የሚያጸዳው፣ ሌላውን እንዳይደርስበት የሚያባርረው አባትየው ነው። ያለ እሱ አንዱም አይወጣ» አለው።

ኢድሪስ ስልኩን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ቀረ። ጉድ እኮ ነው። በደብረ ታቦር ካለ ወንድ ሁሉ ይኸን ስሕተት መሥራት ያልነበረበት አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ሰልማን በአንቀልባ አዝሎ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲመታ የኖረው ማን ነው? ደንበኛ ሲስቅበት «የምታለቅሰው መኪናው ሲቆም ነው» እያለ ማታ ድረስ የሰፋው፣ ሲያማት ያደረው፣ ሹሩባ መሥራት ከሴቶቹ ቆሞ አይቶ የተማረው እሱ አይደለም? እርግጥ ጡት ያጠባቻት ፈንታነሽ ናት፤ የራሷን ልጅ ባንድ ጉልበቷ፣ ሰልማን ባንድ ጉልበቷ አድርጋ። ለዚህ ኢድሪስ ዱዓ በተቀመጠ ቁጥር ስሟን ሳይጠራ አይነሣም። የቀረው ግን በእሱ እጅ ነው የተሠራው። ያን ሁሉ ዘመን አሳደግሁ ብሎ አያውቅም፤ የሚያስበው እናት በጎደለችበት እንደ መጠገኛ ጨርቅ እንደተጣፈ ነው። ጎዶሎ እንደነበረ፣ ልጅቱም ጎዶሎ እንዳደገች ይቆጥር ነበር። አሁን ነገሩ ሌላ መስሎ ታየው። ተነሥቶ ብልቃጡን አመጣና «ይቅር በለኝ» ብሎ ወንዱን ወደ ቤቱ መለሰው።

ወንዱ ቢያኮርፍም ኩርፊያው አልቆየም። ታኅሣሥ ገብቶ ውርጩ ሣሩን ማንጣት ሲጀምር ገሉ ሥር እንደገና ዕንቁላል ተለጠፈ። አባትየው ሴቷን አባረረና ገባ። ኢድሪስም በዚህ ጊዜ እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ።

መብራት የጠፋው ያኔ ነው። የት እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ምሰሶ ወድቋል ተባለና ከተማው ቀናትን ያለ መብራት ዋለ። ማሞቂያው ሞተ። ኢድሪስ ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለለው፣ የራሱን ጋቢ ደረበበት፣ ሃይላንድ በሙቅ ውሃ እየሞላ ውስጡ አንሳፈፈ። የእሱ ከሰል አልበቃ ሲል ፈንታነሽ ከምድጃዋ እያፈላች በፔርሙስ ታቀብለው ጀመር። «ምድጃዬንም ለዓሣ አስገበሩት እንግዲህ» እያለች ታጉረመርማለች፤ ፔርሙሱ ግን ሳይጠራት ይመጣል።

ኢድሪስ ብርድ ልብሱን ገለጥ እያደረገ ያያል። ወንዱ ከገሉ ሥር ንቅንቅ አላለም። እጭ ቢጥልለት አይወጣም። ወርቅማው ገላው ከስቶ ጎድኑ ሊቆጠር ደርሷል፤ ክንፉ ግን ታራግባለች። ብርዱ ሲጠና ቀስ ትላለች፣ ሙቁ ሃይላንድ ሲገባ ትፈጥናለች፣ አትቆምም። «አይዞህ» አለው ኢድሪስ። «የሚተካህ የለም። አውቀዋለሁ።» ይኸን ሲል እንባው መጣ። የራሱን ጉልበት ያየው ያን ጊዜ ነው። ማንም ያልተካው፣ ማንም ያላመሰገነው፣ እሱም ራሱ ያልቆጠረው ድካሙ በዓይኑ ፊት ተቀምጦ ክንፉን ያራግባል።

መብራት መጣ። ትንሽ ሰነበተና አንድ ማለዳ ከሱብሒ ሰላት መልስ ጎንበስ ቢል፣ ገሉ አፍ ላይ ዓይን ብቻ የሆኑ ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ዓይንና ጭራ፣ ሌላ ነገር የላቸውም። በቀጭን ቱቦ እየሳበ ወደ ሌላ ሳህን አሻገራቸው፤ የተቀቀለ ዕንቁላል አስኳል በነጠላ ጨርቅ ጠልሎ አቀረበላቸው። ቤቱ አራስ ይወድ ኖሯል። የተሳሳተው እሱ ነው፤ የሚያስፈልገውን አውጥቶ ብልቃጥ ውስጥ የከተተው እሱ ነው።

የሰልማ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ነስሩ ይዟት ወደ እብናት ሊነሣ ሻንጣው ተሰናድቷል። ኢድሪስ ስልኩን አነሣ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሣ።

«ሰልማ፣ እብናት አትሂጂ። ቤትሽ ነይ» አላት። «ስትወልጂ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ፤ እዚያ ሰዓዳ ያላገኘችው ሐኪም አለ። ከዚያ የማርስሽ እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው ሂጂ ያልሁሽ። አሁንም ፈርቻለሁ። ግን ነይ።»

ሰልማ እንደ ልጅነቷ እየተንሰቀሰቀች ማልቀስ ጀመረች። «ይኸን እንድትለኝ እኮ ነው ስጠብቅ የኖርሁት» አለች። «እኔ እናት ስፈልግ የሚመጣልኝ ያንተ ፊት ነው አባዬ። አሳልፈህ ስትሰጠኝ ምን አጠፋሁ ብዬ አለቀስሁ።» ከዚያ አፍንጫዋን ሳብ አድርጋ «ገንፎ ማገንፋት ግን ታውቃለህ?» አለችው።

«ምን ስትበይ ያደግሽ መሰለሽ?»

ነጅሚያ ስትሰማ እሳት ለበሰች። «ሰው ምን ይለናል? አራስ ቤት ወንድ?» አለችው። ኢድሪስ ታላቅ እህቱን ተቃውሞ አያውቅም። «እትዬ፣ አንቺም ነይ፣ ቤቱ ቤትሽ ነው፤ ልጅቱ ግን ከዚህ አትንቀሳቀስም» አላት፤ ብሎም ባለው ነገር እሱው ደነገጠ።

ሰልማ ሐኪም ቤት ገብታ ሴት ልጅ ወለደች። ኢድሪስ ደጁ ላይ ቆሞ የነበረበትን ሁኔታ ባልነግራችሁ ይሻላል፤ ነርሷ ወጥታ «ሁለቱም ደህና ናቸው» ስትለው እዚያው መሬት ላይ ሱጁድ ወረደ። ቤት ሲመጡ መጋረጃው ተጋርዶ፣ አልጋው ተነጥፎ ጠበቃቸው። ነጅሚያ ቅቤዋን ይዛ፣ ፊቷን ቋጥራ ከእብናት ደረሰች። ኢድሪስ ሕፃኗን በክንዱ አጋድሞ ሲያጥብ፣ አንገቷን ሲደግፍ፣ የጆሮዋን ጀርባ ሳይቀር ሲያብስ ቆማ አየችው። ገንፎውን ቀመሰችና «ጨው አነሰው» አለች። ከዚያ ተቀመጠችና ጠርጋ በላችው።

በማግስቱ ፈንታነሽ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። መጋረጃውን ገልጣ ገባችና ያጠባቻትን ልጅ አገላብጣ ሳመች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ሕፃኗን አየች፣ መረቀች። ልትወጣ ስትል ኢድሪስ የገንፎ ማማሰያ ይዞ መጋረጃው አጠገብ ቆሟል። እሷም ቆመች።

«አያ ኢድሪስ» አለችው፣ «ሰልማ የተወለደች ለታ ሁላችን ወደዚህ ቤት የመጣነው ለልቅሶ ነው። አላህ ያጥናዎ ብለን ተቀምጠን፣ አልቅሰን ወጣን። ልጅ ተወለደልዎ እኮ፣ እንኳን ደስ ያለዎ ያለዎት ሰው የለም። አንድም ሰው አላለም። ሳጠባት ስትስቅልኝ፣ ስትድህ፣ ስትዳር ሁልጊዜ ይከነክነኝ ነበር፤ ግን ጊዜው ያለፈ እየመሰለኝ ዝም አልሁ።»

ማማሰያው ላይ ያለው ገንፎ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

ፈንታነሽ ሁለት እጆቿን ዘርግታ የጎበጠ ትከሻውን ያዘችና፣ ለአራስ የሚባለውን ቃል አንድም ሳታጎድል «እንኳን ማርያም ማረችዎ» አለችው።

ነጅሚያ ከጓዳ ብቅ ብላ ቆማለች። «አሚን በል እንጂ አባዬ» አለችው ሰልማ ከአልጋው ላይ። «አሚን» አለ፤ ሰዓዳን ከቀበረ ጀምሮ በሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅ ሰው ሦስቱ ሴቶች እያዩት አለቀሰ።